ስለ ማርታ ጥናት የተናገርኩት

ሰኞ

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፣ እሷው በቃች።

ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ለምርምር ድጋፍ የሚሰጠው ኮሚቴ ዛሬ ጠዋት ተሰብስቦ ነበር። ከመሐንዲሶች፣ ከግብርናና ከጤና ሰዎች መሀል የታሪክ መምህር እኔ ብቻ ነኝ። የማርታ ጥናት ተራው መጨረሻ ላይ ደረሰ። የታቦር ተራራ ሰፈር ሽማግሌዎች የጎረቤት ጠብ ሲያስታርቁ ሰውን እንዴት እንደሚያዳምጡ መዝግባ፣ የቀበሌ አስታራቂዎች እንዲሠለጥኑበት ማድረግ ነው ሐሳቧ። የግብርናው ባልደረባችን፣ «ጥሩ ነው፣ ግን ለሕዝቡ ምን ይጠቅማል?» አለ። በክፋት አልነበረም። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። የዘርፉ ባለቤት አንተ ነህ፣ ምን ትላለህ አለኝ።

ማርታ ተማሪዬ ነበረች። ይህን የማያውቅ ኮሚቴው ውስጥ የለም። የራሱን ሰው ጎተተ እንዳልባል ፈርቼ፣ «ለሌሎቹ ቅድሚያ ቢሰጥ ቅር አይለኝም» አልኩ። በቃ። ጥናቷ ወደቀ፣ ሻይ መጣ። አንዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሚዛናዊ ሰው ነህ አለኝ። መጻፉ ያሳፍራል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከጥናቷ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር። ያስተማርኳት ልጅ እኔ የማላውቀውን ምን ልትል ትችላለች ብዬ።

ማክሰኞ

ማርታ ቢሮዬ መጣች። ውጤቱ የሚነገረው ዓርብ ቃለ ጉባኤው ከጸደቀ በኋላ ስለሆነ ምንም አታውቅም። እርስዎ እዚያ ስላሉ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ አለችኝ። እኔን ትናንት አልወሰደኝም። «ገና ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም።

ነገ ሽማግሌዎቹ አንድ ጉዳይ ያያሉ፣ ይምጡና ይዩ አለች። ማመካኛ ፈለግኩ፦ ራስ ምታት፣ የሚታረም ፈተና፣ ዝናብ። ፊቷን ሳይ አንዱም ከአፌ አልወጣም። እሺ አልኩ።

እራት ላይ ለሣራ ነገርኳት። ባለቤቴ እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች፣ ነገር ማስረዘም አትወድም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ እኮ ነው ስላት፣ «አንተ መቼ ዝም አልክ?» አለችኝ። ቀጥላም የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብላ ሳህኑን አነሳችው። ገና አልጨረስኩም ነበር።

ረቡዕ

በባጃጅ እስከ ታቦር ግርጌ፣ ከዚያ በእግር። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ማርታ «መምህሬ ናቸው» ብላ አስተዋወቀችኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።

ጠቡ የጎርፍ ነው። ከላይ ያለው ሰውዬ አዲስ ግንብ ካጠረ ወዲህ የግቢው ውሃ በግንቡ ሥር ባለው ቦይ ከታች ወዳለችው ወደ ወይዘሮ ዘይነባ ቤት ይገባል። የልጆቿ ፍራሽ ሁለቴ በስብሷል። ዋናው ሽማግሌ አቶ ዳንጊሶ አንድ ሰው ተናግሮ በጨረሰ ቁጥር «አፊኒ?» ይላሉ። በሲዳምኛ «ሰምታችኋል?» ማለት ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ባለሱቅ ናት፣ ሲዳምኛዋ እምብዛም አይደለም፤ ስለዚህ በአማርኛም ይደግሙላታል። ያልሰማ ሰው ካለ እንደገና ይነገራል። ቸኩሎ የሚያቋርጥ የለም። እኔ ግን ሰዓቴን አይ ነበር።

ባለግንቡ ቦዩ ድሮም የነበረ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ጎረቤታቸው፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ተራው ሲደርስ «ሰምቻለሁ» ብሎ አቀረቀረ። አቶ ዳንጊሶ ግን አላለፉትም። ጠበቁት። በመጨረሻ ነጂው፣ ባለግንቡ ራሱ ቦዩን ሲቆፍር ማየቱን ተናገረ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ ሲባል፣ ጎረቤት ማስቀየም ከብዶኝ ነው አለ። አቶ ዳንጊሶ አልተቆጡም።

«አይተህ ዝም ካልክ አንተም ጠቡ ውስጥ አለህ። ና፣ ከእነሱ ጋር ተቀመጥ።»

ሰውዬው ተነሥቶ ከባለጉዳዮቹ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ እርስዎስ ሰምተዋል?» አሉኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። ተነሥቼ ባጃጅ ነጂው ጎን መቀመጥ ነበረብኝ። አልተነሣሁም።

ባለግንቡ ቦዩን ወደ መንገዱ ዳር ሊያዞር ተስማማ። ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ይቆፍራል።

ሐሙስ

ለማርታ ነገርኳት። ሐይቅ ዳር አንድ ሻይ ቤት ወሰድኳት፣ ሰው ፊት አትጮህብኝም ብዬ ይሆናል። አልጮኸችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ሙሉውን አንብበው ነው እንደዚያ ያሉት?»

የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አልኳት። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

«አቶ ዳንጊሶ ጋ እኮ ያ ባለግንቡ እንኳ ተሰምቷል» ብላኝ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ። ነገ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ተናገር፣ ግን አስብበት፣ ሰው ምን ይላል አለኝ። እኔም ሰኞ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ይበሉ አልኩት።

ዓርብ

ቃለ ጉባኤው ሲነበብ የእኔ ዓረፍተ ነገር ከሰኞው የባሰ ሆኖ ተሰማኝ። እጄን አወጣሁ።

ማርታ ተማሪዬ ነበረች አልኩ። በዚህ እንዳልታማ ፈርቼ ሳላነብ ተናገርኩባት አልኩ። ስለ ጎርፉ፣ ስለ ባጃጅ ነጂው ነገርኳቸው። ይለፍላት አላልኩም፤ ራሷ መጥታ ትሰማ ነው ያልኩት። አንዱ ፈገግ አለ፣ አየሁት። ሰኞ ትከሻዬን የመታኝ ሰው ነው። የግብርናው ባልደረባችን ግን «ታዲያ ጎረቤቶቹ ተስማሙ?» አለ። ነገ አብረው ይቆፍራሉ አልኩት። የኛ ገበሬዎችም በመስኖ ውሃ እንደዚሁ ይጣላሉ ብሎ ማውራት ጀመረ።

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ሰኞ ትምጣና ትናገር፣ ከዚያ እንወስናለን አለ። ሊጥሏትም ይችላሉ።

ለማርታ ደወልኩ፣ አላነሳችም። መልእክት ላክሁላት። መልሷ አሁን ገባ፦ «ሰኞ እመጣለሁ። ስናገር ግን እንዳያግዙኝ።»

አሳዘነኝ፣ ቀለለኝም። ሣራ አንብባው እውነቷን ነው አለች።

ጥናቱን ከመሳቢያ አወጣሁት። ከሁለተኛው ገጽ ጀመርኩ።