ያለ ጥፍር የተመታ ጊታር

ጥቅምት 3 ቀን 1972፣ እሑድ፣ ጠዋት

ትንሿ ጣቴ ዛሬም እምቢ አለች። ሌሎቹ ሦስቱ ይወረወራሉ፣ እሷ ትጎተታለች። በፍላሜንኮ፣ በስፔኖች የጊታር ስልት፣ ራስጌአዶ የሚሉት ይህን ነው፤ ጣቶች ከትንሿ ጀምረው አንድ በአንድ እየተዘረጉ ክሮቹን ጠርገው ያልፋሉ። አራቱ እኩል ካልጮሁ ፍላሜንኮ አይደለም። ቆርቆሮ ላይ የፈሰሰ ጠጠር ነው። ደግሜ አሠራታለሁ።

አንተ ደብተር፣ ነገሩን በትክክል ያዝ። ጊታሩ የእኔ አይደለም። ለመለማመጃ ነው እኔ ዘንድ ያለው። ባለቤቱ ዓይኔን ያከመኝ ኩባዊ ዶ/ር ነው። እሱ በተሰባበረ አማርኛ፣ እኔ ጋራዥ ስሠራ በለቀምኩት ጣልያንኛ፣ እንግባባለን። ኅዳር ላይ አገሩ ይገባል። ጊታሩን ውሰደው አለኝ። አልወስድም አልኩ። የማልጫወተውን ዕቃ ግድግዳ ላይ አልሰቅልም። ከመሄድህ በፊት አንድ ሶሌአ፣ ያን የፍላሜንኮ ዜማ፣ ሳልሳሳት ከተጫወትኩልህ እወስዳለሁ፤ ካልሆነ ለቀበሌው ኪነት ይሰጥ። ተጨባበጥን።

ሚስቴ ዘይነባ ስትሰማ፣ "በነጻ ሲሰጠው ፈተና የሚለምን ሰው አንቱን ብቻ አየሁ" አለች። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ጥሩ። ተለማመድኩበት።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ስህተቴን አገኘሁ። ማንም ሳይነግረኝ። ዕድሜዬን ክራር ስመታ ኖሬያለሁ። ክራር ላይ ግራ እጅ ክሩን የሚነካው ዝም ሊያሰኘው ነው፤ እንዲጮህ የሚፈለገው ይለቀቃል። ጊታር ተቃራኒ። ካልተጫኑት አይናገርም። ግራ እጄ ግን የለመደውን ያደርጋል፤ ድምፁ በሚፈለግበት ቦታ ላይ ይለቃል። ሰደብኩት። እስኪገባው ድረስ ቀኙ ያርፋል፣ ግራው ብቻውን ይሠራል።

ከሰዓት ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ አያሌው ፀጉር ቤት። ክራር አብረን የተማርን ነን። ነገሩን ስነግረው የደንበኛውን ጢም ግማሽ ላይ ትቶ ሳቀ። "ይማም፣ ያ ብሎን ሲፈታ የኖረ ጣት ነው ፍላሜንኮ የሚመታው? በመፍቻ ሞክረው እንጂ!" ደንበኛውም በአረፋው ውስጥ ሳቀ። መጥተህ ትሰማለህ አልኩት። አያሌውም የዶ/ሩን የመሸኛ ምሳ እዚህ እኔ ቤት አድርገው፣ ፈተናውም እዚያው ይሁን አለ። ይሁን። አሁን ምስክር አለብኝ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

እንዲህ ያለ ሞኝነት! ጥፍሬን ቆረጥኩ።

ለጁምዓ ታጠብኩ፣ ምላጭ አነሳሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ እንደማደርገው አደረግኩ። ሳስበው አንድም አልቀረም። ፍላሜንኮ የሚመታው በቀኝ እጅ ጥፍር ነው። ያሳደግኩት ጥፍር! መስጊድ ሰው እንዳያይብኝ እጄን በጋቢ ስሸፍን የከረምኩለት! ዘይነባ ቁርጥራጩን ወለል ላይ አይታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ወላሂ፣ ዛሬ ገና ንጹሕ ሰው ሆኑ።"

ሶላት ላይ ሐሳቤ ጣቴ ዘንድ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ሆስፒታል ሄጄ ለዶ/ሩ ነገርኩት። እጄን አገላብጦ አየ። ፈተናው ይቅር፣ ዝም ብለህ ውሰደው አለ። ፊቱ ላይ እዘኔታ አየሁ። ተነሥቼ ወጣሁ። ያለ ጥፍር፣ በሥጋ እመታዋለሁ።

ስመለስ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "ጓድ ይማም፣ ጊታሩን መቼ ነው የምንረከበው?" ሰው ሳይሞት ውርስ አይጠየቅም አልኩት።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ጣቶቼ ቆሰሉ፣ ደረቁ፣ እንደገና ቆሰሉ። አሁን ቆዳው ጠጠረ። ድምፁ እንደ ጥፍር አይሾልም፣ ይወፍራል። አውራ ጣቴ ግን፣ ስማ ደብተር፣ አውራ ጣቴ ወፍራሙን ክር ሲመታ ቤቱ ይሞላል!

የቀረው ቁጥሩ ነው። ሶሌአ በአሥራ ሁለት ይዞራል፤ ጉልበቱ ሦስት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ላይ ነው። እኔ አንደኛው ቁጥር ላይ እመታና ይፈርሳል። ጮክ ብዬ ስቆጥር ዘይነባ ከጓዳ ወጣች። አጨብጭቢልኝ አላልኳትም። ተቀመጠችና ጀመረች፣ መንዙማ ላይ እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትፈጥን፣ ሳትዘገይ። ስቆጥር ሰምታ ይዛዋለች። እኔ ቀደምኳት። "የት ይሄዳሉ? ሰው አለ'ኮ እዚህ" አለች። እንደገና ቀደምኳት። ሳቀች። በመጨረሻ አሥራ ሁለት ላይ አብረን ደረስን።

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ ኮምቦልቻ

የአያሌው ግቢ ነኝ። ከምሳ በኋላ።

ተጫወትኩ። ሳልሳሳት!

አያሌው ሊያፌዝ ክራሩን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር። ዘይነባ ከጎኔ አጨበጨበች። መጀመሪያ አውራ ጣት ብቻ፣ ቀስ ብዬ። ከዚያ ራስጌአዶው፤ አራቱም ጣቶች እኩል ጮሁ። አያሌው ክራሩን መሬት አስቀመጠ። ስጨርስ ዶ/ሩ ከወንበሩ ዘሎ ተነሥቶ በቋንቋው ጮኸ። ጣቶቼን ያዘና ሳማቸው። እጄን ነጠቅኩት፣ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም።

አያሌው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "እስኪ ድገመው" አለ።

አልደገምኩም። ውላችን አንድ ሶሌአ ነበር።

ኅዳር 9፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ትናንት ስንመለስ ረዳቱ ጊታሩን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ልጫነው አለ። እምቢ። ጉልበቴ ላይ ይዤው የሐረጎን ዳገት ወጣን። ኬላ ላይ አንድ ሚሊሺያ ገባ።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጊታር።"

"የማን ነው?"

"የኔ" አልኩ። ሳላስበው ጮክ ብዬ ኖሯል፤ አውቶቡሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እስኪ አንዴ ይምቱልና!"

ሥራ ላይ ነህ አልኩት። ዘይነባ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ።

ትሬሞሎ የሚባል አለ፤ አንዱን ክር በሦስት ጣት እያፈራረቁ ሳያቋርጡ መምታት ነው። ዶ/ሩ ሲሰናበተኝ አንድ ጊዜ አሳየኝ፣ ለወጣት እንኳ ዓመታት ይፈጃል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከቁርስ በኋላ እጀምራለሁ።