አባባ ዘይት ያጠጧት ሞተር

ይድረስ ለወንድሜ ለችኩሌ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ ጎንህ ተሻለህ ወይ? ሚስትህስ እንደምን አለች? ትንሿስ ጥርስ አወጣች፣ ወይስ እስካሁን በድዷ ነው የምትስቀው? ሥራስ እንዴት ይዞሃል? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ከልቤ ነው፤ ቁጣዬ ከሰላምታው ቀጥሎ ይመጣል። በተለይ ስለ ጎንህ የጠየቅኩህን ሳትረሳ መልስልኝ። እኛ ለጤናችን ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከጤና ውጭ ስላለው ግን ቁጭ ብለህ አንብብ።

በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ ስለማትገኝ ነው። ወሬው ሊጎረብጥህ ሲጀምር «እትዬ፣ መልሼ እደውላለሁ» ትለኛለህ። መልሰህ የደወልክበትን ቀን እስከ ዛሬ አላየሁም። ደብዳቤ ደግነቱ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ባለፈው ወር የላክኸው ብረታ ብረት ገዢ መጥቶ ነበር። አባባ በር ላይ ወንበራቸውን አውጥተው የጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ነው። ሰውየው ፒካፑን አጥሩ ሥር አቁሞ ወረደና፣ እንደምን አደሩ እንኳ ሳይል፣ «ሽማግሌው ያበላሿት ሞተር ያለችው እዚህ ቤት ነው?» አላቸው። ለራሳቸው ለሽማግሌው። አባባ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ወንበራቸውን አጠፉ፣ «ከኋላ ናት» አሉትና ገቡ። ሰውየውን ምን ብዬ እንደመለስኩት አልጽፍልህም፤ ይህን ደብዳቤ ሚስትህም ታየው ይሆናል። በኋላ ሳስበው ግን እሱ ምን አደረገ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። «ሽማግሌው አበላሿት» የሚለውን ቃል ያጎረስከው አንተ ነህ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ስለዚህ ላስታውስህ። ልትሄድ ስትል ሞተር ሳይክልህን ከኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ አስገባሃት። ያቺ ክፍል ለእኔና ለልጄ ልትሆን የታሰበች ነበረች። እኛ እስከ ዛሬ ከእማዬ ጋር ተደራርበን እንተኛለን፣ ሞተርህ ግን እንደ ሙሽራ የራሷ መኝታ ቤት አላት። በላስቲክ ጠቅልለህ፣ በገመድ ጠፍረህ አሰርካት። ከዚያ ቁልፉን አባባ እጅ ላይ አድርገህ «አደራ፣ እስክመለስ» አልክ። አባባ አደራ የሚለውን ቃል እንደ ሰላምታ የሚሰሙ ሰው እንዳልሆኑ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ጎረቤቱም ያውቃል።

አባባ ስለ ሞተር ምንም አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት የስፌት መኪና ነው። ቆሞ የሚውል መኪና ይደርቃል፣ ስለዚህ ሥራ ባይኖርም በሳምንት አንዴ ዘይት ጠብ አድርገው ያዞሩታል። በሞተርህም ያደረጉት ይህንኑ ነው። «ይቺም መኪና ናት፣ ዘይት የምትጠጣበት ቀዳዳ ሳይኖራት አይቀርም» እያሉ ሲፈልጉ ሰንብተው፣ ከመቀመጫዋ ሥር በተውከው መፍቻ እሳት የሚጭርላትን ካንዴላ ፈቱ። ከዚያ ወዲያ እሁድ ጠዋት በመጣ ቁጥር ዘይት መጨመሪያቸውንና ንጹሕ ጨርቅ ይዘው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ጥቂት ጠብታ በቀዳዳው ያጠጧታል፣ የማስነሻ መርገጫዋን በእጃቸው ቀስ እያሉ ያዞሯታል፣ ጠራርገው መልሰው ያለብሷታል። እማዬ «ሁለተኛ ሚስት አገቡብኝ» እያለች ትስቅባቸው ነበር። አንተ ግን በዓመት እመለሳለሁ ብለህ የሄድክ ሰው እዚያው ቀረህ፤ አባባ አራት ዓመት ሙሉ አንድ እሁድ አላሳለፉም።

ይህን ነው ሬዲዮ ደውሎ የነገረህ። ጎረቤታችን ሬዲዮ፣ ያየውን ሳያሰራጭ የማያድረው። «አባትህ ሞተርህን የስፌት መኪና ዘይት እያጠጧት ነው» አለህ፣ አንተም እንደ ስምህ ቸኩለህ ወዲያው ደወልክ። አባባ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ እንደምናደርገው ታውቃለህ። ልብስ ሊለኩ የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሬዲዮ ራሱ ሻይ ይዞ ተቀምጧል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አባባ፣ የማያውቁትን አይነካኩ። የሰው ንብረት ነው» አልካቸው። አንቱ እያልክ ነው ያዋረድካቸው። አንተ ብለህ ብትሰድባቸው ይሻል ነበር፣ እንደ ጥጋበኛ ልጅ ነገር ተቆጥሮ ያልፍ ነበር።

አባባ ማታ ቁልፉን አምጥተው «የሰው ነው፣ አንቺ ያዥው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ክፍል አልሄዱም። ትንሽ ቆይተው የስፌት መኪናቸውንም ሸፈኑት። ዓይኔ ደከመ አሉ። ደንበኛ ሲመጣ ወደ ገበያው ልብስ ሰፊ ይልካሉ። ሁለት ዓመት ሆነ፣ አንተም ስትደውል «አባባ ሥራ አቆሙ እንዴ?» ብለህ እንደ ዋዛ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ። የልጄ ቀሚስ ቁልፍ ሲበጠስ ግን ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በመጀመሪያው ሙከራ ነው የሚያስገቡት። እማዬ አይታ «ዓይናቸውስ ደህና ነው፣ እጃቸው ነው ያፈረው» አለች።

እንግዲህ ያ ብረት ገዢ በሄደ ማግስት ሞተርህን እየገፋሁ አወጣኋት። ይቺን ነገር ማን እንዳበላሻት በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ። ጎማዎቿ መሬት ላይ ተኝተዋል፣ ፍሬኗ ተጣብቋል፣ መንገደኛው ሁሉ «ሬሳውን ወዴት ይዘሽ ነው?» እያለ ይስቅብኛል። ከምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ጋራዥ አለ። ሜካኒኩ ቱታውን እንዳጥብለትና እንድተኩስለት ተስማምተን ተቀበለኝ።

አሁን ያየሁትን ልንገርህ። ያ እንደ ስጦታ የጠቀለልክበት ላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ይዞ ብረቱን ሁሉ አዝጎታል፤ ያንተ ሥራ ነው። ቤንዚኑን ሳትደፋ ነው የሄድከው፤ እዚያው ተቀምጦ እንደ ቫርኒሽ ሆኖ፣ ካርቡሬተሯን ደፍኖ፣ ሽታው ሰው ያስነጥሳል። ባትሪውን ሳትነቅል ትተኸው አሲዱ እዚያው ላይ ፈስሶ አልቋል። ሜካኒኩ አንዱን ዕቃ ፈትቶ ባሳየኝ ቁጥር በሆዴ ስምህን እጠራ ነበር።

ፒስቶኑ ላይ ሲደርስ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ያህል ዓመት ቆማ ፒስቶኗ ነክሶ መጣበቅ ነበረበት፣ መቁረጥ ሊኖርብን ነው» አለኝ። ካንዴላውን ፈትቶ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ መርገጫዋን ሲጫናት መጀመሪያ እንቢ አለች፣ ቆይታ ግን ለቀቀች። «ውስጧ ንጹሕ ነው። ቀጭን ዘይት የሚያጠጣትና የሚያዞራት ሰው ነበራት። ባለቤቷ ነው?» አለኝ። የባለቤቷ አባት ናቸው አልኩት። «እሳቸው ባይኖሩ ብረት ገዢው ይወስዳት ነበር» አለ።

ሰማህ? ከውጭ ያለውን ሁሉ ያበላሸህ አንተ ነህ። ከውስጥ የተረፈውን ያተረፉት የማያውቁትን የሚነካኩት ሽማግሌ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራ በወጣሁ ቁጥር ጋራዥ ነበርኩ። የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ጠጠር ጨምሬበት ወገቤ እስኪቆረጥ ነቀነቅኩት፣ ከውስጡ የወጣው ዝገት አንድ ባልዲ ቀይ ውኃ ሆነ። አንድ ጠዋት ነጭ አንሶላ ላይ አምስቱም ጣቶቼ ታትመው ተገኙና አለቃዬ በሰው ፊት አወረደችብኝ። ለእሷ ያለኝን መልስ ሁሉ ላንተ አጠራቅሜው ነበር።

የተነሳች ቀን ሜካኒኩ ረግጦ ረግጦ ደከመው። እኔ ልሞክር ብዬ ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁባት። መርገጫው ተመልሶ ቅልጥሜን መታኝ፣ እስካሁን ሰማያዊ ነው። ይህም ያንተ ዕዳ ነው። ደግሜ ስረግጣት አስነጠሰች፣ ቆመች፣ ደግማ አስነጠሰችና ተነሳች። በማርሚታው የወጣው ጭስ ጋራዡን ሞላው። እውነቴን ነው፣ የአባባ ሥራ ቤት ሸተተኝ፤ ያ ሞተርህ ውስጥ የቆየው ዘይታቸው ነው የተቃጠለው። አለቀስኩ። ከደስታ እንዳይመስልህ፣ ንዴት ነው።

ሜካኒኩ እየነዳ እኔ ከኋላ ሆኜ ግቢ ድረስ ገባን። እማዬ እጇ እንደረጠበ ወጣች፣ ልጄ ዘለለች፣ ሬዲዮ አንገቱን በአጥር አሰገገ። አባባ በሩ ላይ ቆመው፣ የስፌት መኪና ድምፅ እንደሚሰሙት ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ሜካኒኩ ያለኝን ሁሉ ለሬዲዮም እንዲሰማ አድርጌ ነገርኳቸው። ጠጋ አሉ። እጃቸውን ወደ መሪው ዘረጉ፣ ሊነኳት ትንሽ ሲቀራቸው መለሱትና ኪሳቸው ከተቱት። «ደግ ነው፣ እንኳን ተነሳች። ግን የሰው ናት። የሰው አልነካም» ብለው ገቡ።

ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ሞተሯን ማስነሳት ለእኔም ተቻለኝ። ያቺን ቃል ማንሳት ግን ከአንተ በቀር የሚችል የለም።

ሜካኒኩ እንዳትቆም ስላለኝ እሁድ እሁድ ጠዋት ግቢ ውስጥ አስነሳታለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ እሁድ ደውል። ስልኩን እንደዚያን ቀን ድምፅ ማጉያ ላይ አደርገዋለሁ። ሬዲዮን ሻይ ጠርቼዋለሁ፣ ሁለቱ ሴቶችም ይመጣሉ፤ ጨርቃቸው እስካሁን አልተሰፋም። በእነሱ ፊት ያዋረድካቸውን በእነሱ ፊት ታከብራቸዋለህ። ረጅም ንግግር አልፈልግም፣ ምክንያትህንም አልፈልግም። «አባባ፣ ያዳኗት እርስዎ ነዎት፣ የእርስዎ ናት» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። መልሼ እደውላለሁ እንዳትለኝ። ካልደወልክ ሞተሯን አልሸጣትም፣ አልቆልፍባትም፤ እሁድ እሁድ አስነሳታለሁ፣ የማን ናት ብሎ ለሚጠይቀኝም የሰው ናት እለዋለሁ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ አትቆጪው ብላኝ ነበር፣ እንደምታየው አልሰማኋትም። ልጄ ሰላም ብላሃለች፣ ሞተሯ ላይ ፎቶ ካልተነሳሁ ብላ እያስቸገረችኝ ነው። ሬዲዮም ሰላም ብሎሃል፣ ምላሱ ደህና ናት። ሚስትህን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ፣ ትንሿን በእኔ ፈንታ ሳማት።

አባባን ደብዳቤውን ሳልጀምር ምን ልበልልዎት ብዬ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ። ከዚያ «ብርድ ሲነካው የሚያመው ጎኑ ተሻለው ወይ በይው» አሉኝ። ከደብዳቤው አናት ላይ ያስቀመጥኩልህ ጥያቄ የእሳቸው ነው።

እህትህ

ከቤታችን፣ ከኋላኛዋ ክፍል፣ ከሞተርህ ጎን
ቅዳሜ፣ ግንቦት ፲፮ ቀን