ባለሪዙ አልሞተም

ሰቆጣ፣ እሑድ፣ ጥር 19 ቀን 1994

ጎረቤቴ አያ ወልዱ ዛሬ ታረቁኝ።

ያ የሕንድ፣ የታሚል ፊልም ተዋናይ፣ እኛ ባለሪዙ የምንለው፣ ለእሳቸው እንደ ልጅ ነው። ባለፈው በአንዱ ፊልም ሲሞት አይተው ቪዲዮ ቤቴ ውስጥ አለቀሱ። በማግስቱ በወጣትነቱ የሚጨፍርበትን ፊልም ባሳይ፣ «የሞተ ሰው ታስጨፍሪያለሽ? ነውር ነው» ብለው ወጡ። ትወና ነው ብላቸውም አልሰሙኝም።

ዛሬ ለምኜ አመጣኋቸውና አዲሱን ካሴት ከፈትኩ። ባለሪዙ ሸብቷል፤ ሴት ልጁን ይድራል። አያ ወልዱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡና ቴሌቪዥኑን፣ «እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ልጄ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «ይኸው፣ ሬሳ አይሸብትም» አሉኝ። ሊያዩ የመጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ሰርጉ የሰፈራችን መሰለ።

እኔ ግን ካሴቱን ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ይሞታል። ሙሽሮቹ ተመርቀው ሲወጡ ጄኔሬተሩን አጠፋሁና «ቤንዚን አለቀ» አልኩ። አያ ወልዱ እየሳቁ ወጥተው ከበር ተመለሱ።

«ቀሪውን መቼ ነው?»

«ቤንዚን ሲገኝ» አልኳቸው፣ ሙሉውን ጀሪካን በነጠላዬ ሸፍኜ።