ከጥያቄው የወጣው ውሃ

ኅዳር 3

ከመንገድ ገባሁ። ወገቤ ቁርጥ ብሏል። ባለቤቴ በር ላይ አየችኝና «መጀመሪያ ታጠብ፣ ሰላምታው ይደርሳል» አለች። አቧራ በአቧራ ነበርኩ።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። መራጮቼ ግጥም ብለው መጥተዋል። ስለ መንገድ፣ ስለ መብራት… የተለመደው። ከዚያ ልጅ ያዘለች ሴት ተነሳች። «ልወልድ ጤና ጣቢያ ብሄድ ውሃ ይዘሽ ነይ ተባልኩ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ ሆዴን ልሸከም ወይስ ጀሪካን?» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ስንበተን ወደ ጤና ጣቢያው አቀናሁ። አዋላጇ ሚጢ ናት፣ የባለቤቴ ታናሽ እህት። ይኸው ትልቅ ሰው ሆናም ለቤተሰቡ ሚጢ ናት። ማዋለጃ ክፍሉን አሳየችኝ። ቧንቧው ዝጓል። ፓምፑ ከተበላሸ ከርሟል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ውሃ ሲያልቅባት፣ ምጥ የያዛትን ሴት ብቻዋን ትታ ጎረቤት ግቢ ድረስ እየሮጠች ትቀዳለች። «እስክመለስ ድረስ ነፍሴ አብራኝ አትሆንም።»

«ይሄን ምክር ቤት ብናገረውስ? ስም ሳልጠራ።»

ትንሽ አሰበች። «ከነውሃው ከሆነ ተናገረው።»

ኅዳር 9

ጥያቄውን ጻፍኩ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። ውሃ የለም፣ ፓምፑ ይጠገናል ተብሎ በጀት ተይዞ ነበር፣ ማንም ዝር አላለም፤ በዚህ የተነሳ አዋላጇ እናቲቱን ትታ ውሃ ፍለጋ ትወጣለች።

«አሁን ገና ተወካይ መሰልክ» አለችኝ። ቀልዷ ነው። ግን ደስ አለኝ።

ኅዳር 12

የፓርቲያችን ተጠሪ ጠራኝ። በሌለበት «ላጲስ» ነው የምንለው። ቢሮው ጥያቄ ይዘህ ትገባለህ፣ ሰላምታ ይዘህ ትወጣለህ።

ወንበር ሳበልኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ፓምፑን እንተወው።»

«ዋናው ነገር እኮ ፓምፑ ነው።»

«ተጠግኗል ተብሎ ሪፖርት ቀርቧል። በቴሌቪዥን ፊት ሚኒስትሩን ውሸታም ልታደርገው ነው?»

«አልተጠገነማ!»

«እሱን በውስጥ መስመር እንጨርሰዋለን። አንተ አገልግሎቱ ላይ አተኩር። ይቺ ለምሳሌ ቆንጆ ናት፣ እናቶች ብቻቸውን ተትተው ባለሙያ ይወጣል የምትለው። ሰው ልብ ውስጥ ትገባለች።»

ሰረዘ፣ ሰረዘና ወረቀቱን መለሰልኝ። በሩ ላይ ስደርስ «የቋሚ ኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢነት ሰሞኑን ይታያል… ስምህ አለበት» አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ውሃው ወጥቷል። የቀረችው እናቶችን ጥላ የምትወጣ አዋላጅ ናት። አየሁት። አላየሁም ማለት አልችልም። ወረቀቱን አጠፍኩና ኪሴ ከተትኩት።

ኅዳር 16

ተናገርኩ። የመራጮቼን ጤና ጣቢያ ጠቅሼ «በምጥ ላይ ያሉ እናቶች ብቻቸውን ይተዋሉ!» ስል ድምፄ ራሱ ተንቀጠቀጠ። ተጨበጨበ። ሚኒስትሩ «አጣርተን ጥብቅ እርምጃ እንወስዳለን» አሉ። መውጫው ላይ የማላውቃቸው አባላት እጄን ጨበጡኝ።

ጣፈጠኝ። ይኼንንም ልጻፈው… ጣፈጠኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ዜናውን አይታ ጨርሳለች። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ እሷ ግን አሁንም ወደሱ ዞራ ተቀምጣለች።

«ውሃው የት ሄደ?»

«ጊዜ አጠረኝ።»

እንዴት ቀለል ብሎ ወጣልኝ ውሸቱ!

ኅዳር 24

ሚጢ ከሥራ ታገደች።

ኅዳር 25

ደወልኩ። አማቴ አነሱት፣ ድምፄን ሲሰሙ ወዲያው ስልኩን ለሚጢ ሰጧት።

አጣሪዎች መጥተው ነበር። «ወላድ ትተሽ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት። አዎ አለች። ለምን እንደምትወጣ ልትነግራቸው ስትል «የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ» ብለዋት እርፍ።

«ዋሽቼ ብክድ ይሻል ነበር ጋሼ?»

«አይዞሽ፣ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። በምን አስተካክለዋለሁ?

ታኅሣሥ 2

ላጲስ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «የሚስትህ እህት ናት?» አለ።

«አዎ።»

«በል እንግዲያው አፍህን እንዳትከፍት። ለዘመዱ ሲል ምክር ቤት አመሰ ይሉሃል። አንተም ትጠፋለህ፣ እሷም አትድንም።»

ከቢሮው ስወጣ ቀለል አለኝ። ለካ ስፈልግ የነበረው መፍትሔ አይደለም። ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እንዴ እኔ?

ታኅሣሥ 11

ምክትል ሰብሳቢ ሆንኩ። ስልኬ በእንኳን ደስ ያለህ ተጨናንቆ ዋለ። ባለቤቴ «እራት ቀርቧል» አለችኝ። ሌላ ቃል የለም። ሚጢ ከታገደችበት ቀን ወዲህ የምታናግረኝ ለእራትና ለቁልፍ ነው።

ታኅሣሥ 19

መራጮቼ ጋ ነበርኩ። እግሬ እምቢ እያለኝ ነው የሄድኩት።

አንድ የታክሲ ሾፌር መሀል መንገድ ላይ አቆመኝ። ጤና ጣቢያው አዋላጅ ስለሌለው ሚስቱን ወደ ሩቁ ሆስፒታል ይዟት ሲከንፍ፣ የኋላ ወንበር ላይ ወለደች። «ስሙን ታክሲ ልለው ነበር፣ እናቱ እምቢ አለች እንጂ» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ብዙ ደም ፈሷታል። አሁንም ተኝታለች። ልጁን አያቱ ይዛዋለች።

«ግን እርስዎን እግዜር ይስጥልን። ያቺ ወላድ ጥላ የምትወጣዋን አስነሱልን።»

እጄን በሁለት እጁ ይዞ ነው ያመሰገነኝ። አላስተባበልኩም።

ወደ አማቴ ቤት ዘለቅሁ። ሚጢ በሩን ከፈተች። «ግባ፣ ጋሼ።» አማቴ ዳቦ አቀረቡልኝ፤ ግን እንደ ወትሮው «ብላ እንጂ» አላሉኝም። ገበያ መሄድ አቁመዋል አሉ። ሰው ይጠቋቆምባቸዋል።

ሚጢ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ውሃውን ለምን አወጣኸው?»

«ሚጢ፣ ሰዎቹ…»

«እኔ ሰዎቹን አላውቃቸውም። የማውቀው አንተን ነው።»

ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ታኅሣሥ 20

ባለቤቴን ከእንቅልፍ ቀስቅሼ እውነቱን ነገርኳት። ጊዜ እንዳላጠረኝ። ስለ ሹመቱም።

«አውቄ ነበር» አለች። «አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»

ጥር 6

አጀንዳው የመንገድ ጉዳይ ነበር። ተራዬ ደረሰ። ማይኩን ከፈትኩ።

«ኅዳር ላይ እዚሁ ቆሜ አዋላጇ እናቶችን ጥላ ትወጣለች ብዬ ነበር። የምትወጣው ውሃ ልትቀዳ ነው። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ነው የተውኩት። ተጠገነ የተባለው ፓምፕም አልተጠገነም።»

አፈ ጉባኤው «የተከበሩ አባል፣ ከአጀንዳ ውጭ ነዎት» አሉ።

«ልጨርስ ነው። ባለሙያዋ የባለቤቴ እህት ናት። ለዘመዱ ቆመ የሚል ይበል። ጥፋቱ ግን የኔ እንጂ የ…»

ማይኩ ጠፋ። ያለ ማይክ «የሷ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ላጲስን አልጠራሁም። እስክሪብቶው የሱ ነበር፣ እሺታው ግን የኔ።

ማታ ዜና ላይ የለሁም። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ከዚያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

ጥር 27

ከምክትል ሰብሳቢነት ተነሳሁ። ላጲስ ኮሪደር ላይ ሲያልፈኝ ስልኩን የሚያይ መሰለ።

የንግግሬን ቅጂ ሰው በስልክ ሲቀባበለው ነው የሰነበተው። እንደምንም ሌላ አጣሪ ተላከ። የሚጢ እገዳ ተነሳ!

ግን ጤና ጣቢያው አልተመለሰችም። ሌላ ከተማ፣ የግል ክሊኒክ ተቀጥራ ሄዳለች። የተሰናበተችው እናቷን ብቻ ነው።

የካቲት 21

ፓምፑ ሥራ ጀመረ። ጠሩኝ፣ ሄድኩ። አዲሷ አዋላጅ ቧንቧውን ስትከፍተው መጀመሪያ ቀይ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። ተናገር ተባልኩ። «ይህን ውሃ ያመጣችው በሐሰት ስሟን ያጠፋሁት አዋላጅ ናት» አልኩ። አንዳንዱ አቀረቀረ። የቀረው ግን አጨበጨበልኝ። ለኔ! እጄን የማስቀምጥበት ጠፋኝ።

ቤት እንደገባሁ ደወልኩላት። ባለቤቴ አጠገቤ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ውሃው መጣ?» አለች ሚጢ።

«መጣ።»

«ተመስገን።»

«ሚጢዬ… ተመለሺ። ሕዝቡም አሁን አውቋል። ቦታሽ…»

«ቦታው ሰው አግኝቷል። ጎበዝ ናት ይላሉ፣ ትሥራበት።» ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። «ሥራ ላይ ነኝ። እማማን አልፎ አልፎ ይዩልኝ። እርስዎም ይበርቱ።»

ዘጋችው።

«ምን አለችህ?» አለች ባለቤቴ።

«‹እርስዎም ይበርቱ› አለችኝ።»

ቢላዋው ቆመ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አየችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።