ሲጫኑት የማይጮህ ሕመም

ኅዳር 27

አጨዳ ነው። ሰው ሁሉ ጤፍ ማሳው ላይ… እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ የወለቀና የተሰበረ እጠብቃለሁ። ወጌሻ እንደ አሞራ ነው፤ ሰው ካልወደቀ ሥራ የለውም።

ረፋዱ ላይ አማረ መጣ። ጎረቤቴ፣ በሬ የሚያክል ሰውዬ። አውራ ጣቱ ወልቋል። ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ጎረምሶቹ ከየማሳው መጥተው ከበቡን። የሚሰበሰቡት ለጣቱ አይደለም፣ ለቀልዱ ነው።

«አማረ፣ ለሰው አልናገርም፣ እውነቱን ንገረኝ… ሚስትህ በምን መታችህ? በሙቀጫው ነው በዘነዘናው?»

«ኧረ አያ ታረቀኝ! እኔ እኮ በሬው…»

ቀጭ። ገባች። ሳቁ ተነሣ። አማረ ጣቱን እያገላበጠ ራሱም ሳቀ።

ዘዴዬ ይኸው ነው። ሰው ሲስቅ ሥጋው ይላላል፣ ሲፈራ ይጠነክራል። በእጄ ላይ የጮኸ ሰው የለም። በሌላው ባልኮራ በዚህ እኮራለሁ።

የልጅ ልጄ ፀደንያ እዚሁ አራስ ቤት ናት። ቁይ ከተማ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ደምለውም እዚያው ያስተምራል። ለበኩር ልጇ እናቷ ዘንድ መጣች፣ ማለት እኔ ቤት። ሴት ወለደች። እኔ ኩርማን እላታለሁ… ሰማንያዋ ደርሶ ክርስትና እስክትነሣ ስም የላትማ!

«ሁላችን ነቢያትን እየጾምን አንቺ ገንፎ በቅቤ ትውጫለሽ» አልኋት ለፀደንያ።

«እርስዎስ አባባ? ቅቤውን በሰው ክንድ ካሻሹ በኋላ ጣትዎን ሲልሱ አይቼዎታለሁ።»

ሐሰት ነው። …ማለት፣ ያኔ ጾም አልነበረም።

ኅዳር 29

ፀደንያን ክንዷን አመማት። ግራውን። ኩርማንን አጥብታ ስታስተኛ ድንገት ደረቷን ያዘች። ድንጋይ የተጫነኝ ያህል ነው አለች። ከዚያ ወደ ክንዷ ወረደ፣ እስከ ትንሿ ጣቷ። ላብ አጠመቃት። በዚህ ብርድ?

ልጄ ሥራነሽ፣ እናቷ፣ «ወተቱ ነው፣ ጡቷ ሞልቶ ነው» አለች። እኔ ደግሞ «ልጅቷን በአንድ ጎን ስለምታቅፍ ነው» አልሁ። ሁላችንም መልስ ነበረን።

ክንዷን ተቀበልሁ። ቅቤ ቀባሁ። ትከሻው… ቦታው ላይ ነው። ክርኑም። ጅማቱ አልተቋጠረም። ጫን አልሁ።

«እዚህ ነው?»

«አይደለም።»

«እዚህስ?»

«አይደለም አባባ… ውስጥ ነው።»

የአጥንት ሕመም ሲጫኑት ይጮሃል። ይኼ አልጮኸም።

ታዲያ ምን አደረግሁ? አሸሁ። «ስትኖሪ ጠመኔ ብቻ ተሸክመሽ፣ ዛሬ ሰው ብትሸከሚ ክንድሽ አቤቱታ አቀረበ» አልኋት። ሳቀች። ተሻለኝ አለች። ላቡም ደረቀ።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ያን ሆድ ይዛ ከቁይ እዚህ ድረስ በእግሯ የመጣች ልጅ። ምን ትሆናለች?

ኅዳር 30

ደህና ናት። ገንፎዋን ጨርሳ ሰደበችኝ። ከሰደበችኝማ ጤና ነው።

ታኅሣሥ 1

ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ተመለሰች። ከበሩ እስከ መደቡ ስትመጣ ትንፋሽ አጠራት። እኔን ስታይ ፈገግ አለች። ክንድሽን ልሽልሽ አልኋት። «ይቅር አባባ» አለች። ለምን ይቅር? እጄን ሸሽታ አታውቅም…

ሥራነሽን ጓዳ ገብቼ፣ «ቁይ ጤና ጣቢያ ብናሳያት ምን ይለናል?» አልኋት።

«አራስ ልጅ ሰማንያዋ ሳይደርስ ላውጣና ምች ይምታት? አባዬ ደግሞ፣ ቀልድ ሲያምርዎት!»

አልቀለድሁም። ግን ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ታኅሣሥ 2

ጠና።

ልጅቷን እንደያዘች ነው የጀመራት። «እማዬ ያዥልኝ!» ብላ ልጅቷን መወርወር ብቻ ነው የቀራት። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ። ክንዷን ዘረጋችልኝ… ልጅ ሆና ከዛፍ ወድቃ ስትመጣ እንደምትዘረጋው።

ያዝሁት። ቀዝቅዟል፣ ላብ ብቻ ነው። ትከሻውን ነካሁ፣ ክርኑን ነካሁ። እጄ የሚያውቀው ነገር እዚያ የለም። 

ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ… ዛሬ ለምን አላሾፉብኝም?»

ላቧን በጋቢዬ ጠረግሁላት።

«ሲያሾፉብኝ እኮ አልፈራም። እጄ ተሰብሮ እንኳ አልፈራሁም። አሁን ግን ፊትዎ…»

ሥራነሽ ልጅቷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፀደንያን አየች፣ እኔን አየች። ስለ ምች አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነጠላዋን አነሣች።

«የአጥንት አይደለም» አልሁ። «የእኔ አይደለም። ማርቆስ ሆስፒታል እንውሰዳት።»

አማረ ማጭዱን ጥሎ መጣ። ከጎረምሶቹ ጋር በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ ተሸከሟት። ደምለው ተደውሎለት ከቁይ ሚኒባስ ይዞ ጠበቀን። በመንገዱ ሁሉ እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

«አንድ ነገር ይበሉኝ እንጂ አባባ።»

ዕድሜ ልኬን ለአላፊ አግዳሚው ቀልድ ስበትን ኖሬ፣ ለእሷ አንድ አጣሁ።

ታኅሣሥ 3፣ ደብረ ማርቆስ

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀደንያን ብዙ አትበልጣትም። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጥፈው የልቧን አመታት በወረቀት አወጡ። ደም ወሰዱ። ልብ ነው አለች።

ልብ? ማን ነው ልቡን የሚያመው? እኔ ነኝ እንጂ ሽማግሌው!

«የልብ ደም ሥሯ ከውስጥ በኩል ተሰንጥቋል ብለን እንጠረጥራለን» አለች። «ምንም በሽታ ያልነበረባት ወጣት ላይም ይመጣል፤ አንዳንዴ ከወሊድ በኋላ። ትንሽ ስትረጋጋ ባሕር ዳር እንልካታለን።» ቀጥላ፣ «መቼ ነው የጀመራት?»

ሥራነሽ መሬት መሬት አየች። እኔ አፌን ሳልከፍት ፀደንያ ቀደመችኝ።

«ትናንት ነው። አባባ ወዲያው ይዘውኝ መጡ።»

ለእኔ ብላ… ለሐኪም ዋሸች። በዚያች ትንፋሿ።

«አይደለም» አልሁ። «ከኅዳር 29 ጀምሮ ነው። እኔ ቤት አስቀምጬ በቅቤ አሻት ነበር።»

ፀደንያ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «እየቀለዱ ነው ዶክተር» አለች። «እንዲህ ናቸው።»

ሐኪሟ እሷን አየች፣ እኔን አየች። የጻፈችው የእኔን ነው።

ታኅሣሥ 4

ባሕር ዳር ሊወስዷት ሲያዘጋጇት እንደገና ያዛት። ዐረፈች።

ታኅሣሥ 12

አገር ሁሉ ወጥቶ ቀበራት። ተማሪዎቿ ከቁይ በሁለት መኪና መጡ። ደምለው ሣጥኑ ላይ ወድቆ አልነሣም ብሎ ነበር፤ አማረ ነው በግድ ያነሣው።

ዛሬ ቄስ ገዳሙ ሊያጽናናኝ መጣ። ዲማ አብረን ቆሎ ተማሪ የነበርን፣ ስሰድበው የኖርሁ ሰው። ብዙ ተቀመጠ። መጨረሻ ላይ፣ «አንተ ታረቀኝ፣ እስቲ ስደበኝ» አለ። «እንዲህ ሆነህስ አናውቅህም።»

«ነገ» አልሁት።

ቀና ብሎ አይቶኝ ራሱን ነቀነቀ። ወጣ።

ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። ያን ዕለት ልጽፈው አልቻልሁም። «በመጀመሪያው ቀን ባመጣት ኖሮስ?» አልኋት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባቴ፣ ትድን ነበር ብዬ መማል አልችልም። አትድንም ነበር ብዬም አልምልልዎትም» አለች።

እንደ እኔ ሳቅ አድርጋ ልታሳልፈው ትችል ነበር… አላደረገችውም።

ሥራነሽ አልወቀሰችኝም። እኔም አልወቀስኋት። ገንፎ የምታገነፋበት ምንቸት ግድግዳው ሥር ተደፍቶ ተቀምጧል፤ ሁለታችንም ዞር ብለን እናልፈዋለን። ኩርማን የቆርቆሮ ወተት ትጠጣለች። ደምለው በየቅዳሜው ከቁይ ያመጣል፤ ያቅፋታል፤ ይመለሳል።

ጥር 2

ክርስትና ተነሣች። ወለተ ኪዳን ተባለች። ውኃው ሲነካት ልቅሶዋ ቅጥሩን ሞላው፤ ቄስ ገዳሙ «ድምፀ መረዋ!» አለ። ሰው ትንሽ ፈገግ አለ።

ፀደንያም ቤተ ክርስቲያን መግባት የነበረባት ዛሬ ነው። ነጭ ቀሚሷን ለዛሬ አስጠልፋ ነበር… ቀድማን ገብታለች። ቅጥሩ ውስጥ ጽዱ ዛፍ ሥር ናት። አፈሩ ገና አልጠነከረም።

ቀሚሱን ለልጅቷ መታቀፊያ አደረግነው።

ጥር 17

ውቂያ ነው። አማረ ከክምር ላይ ወድቆ መጣ። ትከሻው ወልቋል፤ ከሩቅ ይታያል። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ለሕመም ደጄ ሲመጣ መጀመሪያው ነው። ጎረምሶቹ እንደ ልማዳቸው ከበቡን።

ክንዱን ያዝሁ። ቅቤ ቀባሁ።

«ደረትህንስ ያምሃል?» አልሁት። «ውስጡን? ይጫንሃል?»

ዓይኑን ገለጠና ፈገግ አለ። ጎረምሶቹም አፋቸውን ለሳቅ አዘጋጁ።

«የለም አያ ታረቀኝ፣ ትከሻዬ ብቻ ነው» አለ። እና ጠበቀ። የሚመጣውን ጠበቀ።

እኔም ጠበቅሁ። ከየት ይምጣ?

ጎተትሁ።

አማረ ጮኸ። በሬ የሚያክለው ሰውዬ እንደ ሕፃን ጮኸ። ትከሻው ገብቷል… ማንም አልሳቀም። ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ወደ አውድማቸው ሄዱ። አማረም ክንዱን አቅፎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ፣ ዓይኔን ሳያይ ሄደ።

በጩኸቱ ወለተ ኪዳን ደንግጣ ነቃች። ሥራነሽ ውኃ ወርዳለች። ገባሁ። ላነሣት ጎንበስ ብዬ እጄን አየሁት፤ እስከ ክርኔ ቅቤ ነው። ትሾልክብኛለች።

«ኩርማን…» አልኋት።

ሌላ የምላት አልመጣልኝም። እሷ እያለቀሰች፣ እኔ ሁለቱን እጆቼን ዘርግቼ፣ ሥራነሽ እስክትመጣ ቆምሁ።