ሁለት ሳምንት ሦስት ዓመት ለሚሆንበት ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ፤ በተለይም ጉልበትዎ ደረጃ ከመውጣት ተጠብቆ እንዲቆይልዎ ምኞቴ ነው። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ በርዎን ባንኳኳሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው፤ ሥራ የበዛበት ሰው መቼም አይወቀስም።

አንደኛ፤ የሕንፃችን ሊፍት በቆመ ማግስት በሩ ላይ «በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠገናል» የሚል ወረቀት ስላስለጠፉልን አመሰግናለሁ። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው ሳምንትን ወደ ዓመት ለመለወጥ ለሃምሳ ሁለት ማካፈል እንደሚያስፈልግ ነበር፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን ያለ ምንም ማካፈል ሁለቱን ሳምንት ሦስት ዓመት አድርጎልናል።

ሁለተኛ፤ ወረቀቱ አርጅቶ ሲቀደድ ሠራተኛ ልከው ያንኑ ቃል በአዲስ ወረቀት ስላስለጠፉልን ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

ሦስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም።

እኔና እናቴ የምንኖረው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የእናቴ ጉልበት ደረጃ አይችልም። ታናሽ እህቷ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት አልጋ ይዛ ተኝታ ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነበር። እናቴ «ታናሼን መቼ ነው የማያት?» ባለችኝ ቁጥር «ሊፍቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይሠራል» እላታለሁ። አምኜበት አልነበረም፤ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ አፌ ላይ የሚቀለኝ እሱ ስለነበር ነው። የእርስዎን ሒሳብ ቤት ድረስ ወስጄ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

አክስቴ ባለፈው ወር ሞተች። ያን ዕለት ጠዋት ጎረቤታችን ብየዳ ሠራተኛውና እኔ እናቴን ለልቅሶው በወንበር ተሸክመን አወረድናት። ትንፋሽ ለመሰብሰብ የቆምነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ታች ስንደርስ የግንባሬን ላብ በእጇ ጠረገችልኝና፣ ቀስ ብላ፣ «ለካ ይቻል ኖሯል» አለች። እስከ ዛሬ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱን እኩል እንካፈል ልልዎ አስቤ ነበር። ሳሰላው ግን የእርስዎ ድርሻ ብረት ነው፤ የፈለጉ ዕለት መለዋወጫ ገዝተው ያስተካክሉታል። የእኔ መለዋወጫ የለውም።

መጠበቅን እንደ ሙያ ካስተማሯቸው ነዋሪዎች አንዱ፣ ከማይቀነስ አክብሮት ጋር፣
የስድስተኛው ፎቅ ተከራይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሁን እናቴን ፀሐይ እንድትሞቅ በየሳምንቱ እናወርዳታለን። ብየዳ ሠራተኛው ግን ወገቡን ስላመመው የወንበሩን አንድ ጎን የሚይዝ ሰው አጥተናል። ከስብሰባ የተረፈ ጥንድ እጅ ካለ ይላኩልን፤ የራስዎም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን። በሚቀጥለው ሳምንት አላልኩም፤ ቅዳሜ ጠዋት ነው ያልኩት።