በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው እንግዳ ያስተናግዱ የነበሩት የወይዘሮ ማናለብሽ አስማረ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማናለብሽ ከአባታቸው ከአቶ አስማረ ባምላክና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታለማሁ ተገኘ፣ ከግምጃ ቤት ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር በጥቅምት ወር 1939 ዓ.ም. ተወለዱ። ስለ ቀኑ በቤተሰቡ ውስጥ ስምምነት የለም። እሳቸው በሚካኤል ማግሥት ነው ሲሉ ኖረዋል፤ ታናሽ ወንድማቸው አቶ መሳፍንት ግን ያኔ ገና ያልተወለዱ ቢሆኑም ሳምንት ያህል አለፍ ይላል ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ሲሆን፣ አማርኛውን የለመዱት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ እናታቸው ስለታመሙ ትምህርቱን አቋርጠው ለዘጠኝ ሰው ማብሰል ጀመሩ። ያን ጊዜ አሥር ዓመታቸው ነበር። የቀረውን ንባብና ጽሕፈት በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት አሟልተው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል።

በ1956 ዓ.ም. ከአቶ ይሄነው ምህረቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው አቶ አወቀን፣ ወይዘሮ ፋናንና ወይዘሮ ምሕረትን ወለዱ። በ1961 ዓ.ም. ወደ ዳንግላ መጥተው፣ በ1967 ዓ.ም. መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ከፈቱ። በዚያ ቤት «በቃኝ» ማለት የክርክር መክፈቻ እንጂ የምግብ መጨረሻ አልነበረም። ከጫግኒ የሚመጡ ሾፌሮች ተሳፋሪው ከእትዬ ማናለብሽ እጅ ቶሎ ስለማይለቀቅ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይጣሩ ነበር። ባለቤታቸው በ2000 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ምግብ ቤቱን ዘጉ፤ ማብላቱን ግን አልተዉም።

ቀጥሎ ያለው ክፍል እንዲቀር ከቤተሰቡ አንዳንዶች ጠይቀዋል። ወይዘሮ ማናለብሽ ግን በሕይወት ሳሉ «ስም ሳትዘሉ አንብቡት» ብለው ስላዘዙ ይነበባል።

ጥር 4 ቀን 2015 ዓ.ም. አንድ እንግዳ መንገድ ላይ ነኝ ብሎ ሳይበላ ሊወጣ ሲል፣ ሳህን ይዘው እስከ አጥሩ በር ተከትለውት ወደቁ፤ የጭን አጥንታቸውም ተሰበረ። እንግዳው ተመልሶ ደገፋቸው። መኪና እስኪመጣም በግድ በላ።

ሆስፒታል ገብተው ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ቁስሉ ግን አልገጥም አለ። ሦስቱ ልጆቻቸው ተራ ገብተው ምሳ ዕቃ ያመላልሱ ነበር፤ ምሳ ዕቃውም ሁልጊዜ ባዶውን ይመለሳል። ወይዘሮ ፋና ያበሰሉት ዶሮ አጥንቱ ሳይቀር መጋጡን ለጎረቤት ሲያወሩ፣ ወይዘሮ ምሕረት ደግሞ የእሳቸው ቅንጬ ተጠርጎ መበላቱን ይናገሩ ነበር። የማን ምግብ ይበልጥ ተወደደ በሚል በእህትማማቾቹ መካከል መጠነኛ ቅሬታም ተፈጥሮ ነበር። የጥምቀት ሰሞን ስለነበረ ጠያቂ አልጋውን ከቦ ይውላል። ሁሉም በጋቢ የተጠቀለለውን ገላ ሳይሆን ፊታቸውን እያየ «ቀላ ብለዋል፤ ተሽሎዎታል» ብሎ ይሄዳል። ጉንጫቸው ጎደል ማለቱን ያስተዋለ ቢኖር እንኳ እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሲስተር ዮርዳኖስ የተባለች ነርስ በሁለት ሰው አስደግፋ መዘነቻቸው። ሲገቡ 52 ኪሎ የነበሩት ሴት 43 ሆነው ተገኙ። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ራሷ ወጣችበት። ሚዛኑ ደህና ነበር፤ የራሷን ቁጥር ግን ለማንም አልተናገረችም። ሐኪሙ መጥቶ የክንዳቸውን ውፍረት በሜትር ለካና ልጆቹን ጠርቶ እቅጩን ነገራቸው፦

«እርጅና በአሥራ ዘጠኝ ቀን ዘጠኝ ኪሎ አይወስድም። እናታችሁ ምግብ አጥተው ነው። ቁስል የሚገጥመው ሰው ሲበላ ነው። በዚሁ ከቀጠሉ ከዚህ አልጋ አይነሱም።»

«ምግብ አጥተው?» አሉ ወይዘሮ ፋና። «በቀን ሦስት ምሳ ዕቃ እየመጣ!»

ሲስተር ዮርዳኖስ ምሳ ዕቃውን ማን እንደሚጨርሰው ጠየቀች። መጀመሪያ አፍ ያወጡት አቶ አወቀ ናቸው።

«እኔ እንኳን ትንሽ ነው የቀመስኩት።»

«ከዶሮው?» አሉ ወይዘሮ ፋና።

«እግሩን ብቻ። ብላ ሲሉኝ እምቢ ልበል? በሽተኛ እኮ ናቸው!»

«ሌላኛውን እግርስ?»

«እሱን የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው።»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ወይዘሮ ማናለብሽ አልጋው ላይ ሆነው እንደ ቤታቸው እንግዳ ይቀበሉ ኖሯል። ጠያቂ ሁሉ ከሩቅ የመጣ፣ የደከመና የራበው ነው ብለው ያምናሉ። ምሳ ዕቃው ሲከፈት መጀመሪያ የሚያጎርሱት እሱን ነው፤ በታመመ ሰው እጅ የተዘረጋ ጉርሻ ደግሞ በአገራችን እምቢ አይባልም። የተረፈው ለጎረቤት አልጋ ይሄዳል። እዚያ የተኙት ከአዲስ ቅዳም የመጡት ወይዘሮ ስሜነሽ ነበሩ፤ ልጆቻቸው በከሰል ሥራ ላይ ስለነበሩ ጠያቂ የሚያገኙት በሳምንት አንድ ቀን ነው። ወይዘሮ ማናለብሽ ለልጆቻቸው «በልቻለሁ» ይላሉ፤ ባዶው ምሳ ዕቃም ይመሰክርላቸዋል። እስከዚያ ቀን ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጾም ስላልነበረ በጾም ማሳበብ እንኳ አልተቻለም።

ልጆቹ ጠያቂ እንዲከለከል ጠየቁ፤ የበሩ ጠባቂ ግን ራሱ ሁለት ጊዜ የጎረሰ ሰው ሆኖ ተገኘ። በማንኪያ ሊያበሏቸውም ሞከሩ። ወይዘሮ ማናለብሽ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ሰው አፍ አፌን እያየ እኔ ብቻዬን ላላምጥ? እግሬ ነው የተሰበረው፣ ጭንቅላቴ ደህና ነው።»

የነፍስ አባታቸው መጡ። ብዪ ብለው ገዘቷቸው። ወይዘሮ ማናለብሽ ግዝቱን ተቀብለው፣ መስቀል ተሳልመው፣ አባን አጎረሷቸው።

መፍትሔው የመጣው ከጎረቤት አልጋ ነው። ወይዘሮ ስሜነሽ የሐኪሙን ቃል ሰምተው ኖሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የበሉት የበሽተኛ ምግብ መሆኑን ሲረዱ በኀፍረት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምሳ ሲመጣ የተላከላቸውን መለሱ። እራትም መለሱ። በማግሥቱ ሁለቱ ሴቶች ሌላው በሽተኛ እንዳይሰማ በአገውኛ ተጨቃጨቁ፤ የክፍሉ ግማሽ አገውኛ ስለሚችል ሁሉም ሰማ።

«ብዪ እንጂ እህቴ፣ ትላንትም ባዶ ሆድሽን አደርሽ» አሉ ወይዘሮ ማናለብሽ።

«አንቺ ሳትጎርሺ ጉርሻሽ በአፌ አይዞርም። እንግዳሽን በረሃብ ገድለሽ ልትወጪ ከሆነ እሰየው።»

ይህ ለወይዘሮ ማናለብሽ ከስብራቱ የባሰ ነበር። በእጃቸው ተርቦ የተመለሰ ሰው በሕይወታቸው አልነበራቸውም። ግማሽ ቀን ተቋቋሙ። ወደ ማታ ገደማ ወይዘሮ ስሜነሽ የውሃ ኩባያውን ማንሳት አቅቷቸው ሲተዉት አዩ። እንጀራውን ቆረሱና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ።

«ይኸው! አሁን ብዪ!»

ወይዘሮ ስሜነሽ አንድ ጎረሱ። «ድገሚ» አሉ ከዚያ።

ሲስተር ዮርዳኖስ በሩ ላይ ቆማ አሥራ አንድ ጉርሻ ቆጥራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልጋዎች ተጠጋግተው፣ ልጆቹም ለሁለት ሰው እያመጡ፣ አንዳቸው ሳይጎርሱ ሌላኛቸው እንዳይጎርሱ ተደረገ። ጠያቂ ምግብ ሲቀርብ ውጭ ይጠብቅ ተባለ። የካቲት 6 ቀን ወይዘሮ ማናለብሽ 46 ኪሎ ሆነው፣ ቁስላቸው ገጥሞ፣ በምርኩዝ ወጡ። ወይዘሮ ስሜነሽ ከሦስት ቀን በኋላ ተከተሏቸው።

ወይዘሮ ማናለብሽን ነገሩ በአገር መወራቱ በጣም አናዷቸው ነበር። መደበቅ እንደማይቻል ሲገባቸው ግን ራሳቸው ያወሩት ጀመር። በሚያዝያ የዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ሆስፒታል ሄዶ የበሽተኛ ጉርሻ የጎረሰ አባል ለሚቀጥለው ለቅሶ ያለ ተራው የድንኳን እንጨት እንዲሸከም ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው የዶሮው እግር ትዝ እያላቸው እጃቸውን አወጡ፤ ደንቡም ጸደቀ። ዛሬ ይህን ድንኳን ከተከሉት መካከል ሦስቱ ተራቸው ደርሶ እንዳልመጡ የሚያውቅ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት በምርኩዛቸው ሆስፒታል እየሄዱ አረጋውያንን ይጠይቁ ነበር። «እንዴት አደሩ» ከማለታቸው በፊት «ምን በሉ?» ይላሉ፤ መልሱን አያምኑም፤ ምሳ ዕቃውን ከፍተው ማን እንደበላው አስታማሚውን ይመረምራሉ። ክንዱ የሳሳ ሽማግሌ ካገኙ ሲስተር ዮርዳኖስን ጠርተው ያስመዝኑታል። አስታማሚዎች ሲመጡ ሲያዩዋቸው ይደነግጡ ነበር። ሲስተር ዮርዳኖስ ግን በዚህ መንገድ ብቻ አሥራ አራት አረጋውያን በጊዜ እንደተደረሰላቸው ትናገራለች።

በዚህ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ልባቸው ደክሞ እንደገና ሆስፒታል ገቡ። በዚህኛው ጊዜ ቁርሳቸውንም፣ ምሳቸውንም፣ እራታቸውንም በልተዋል፤ ወይዘሮ ስሜነሽ በየሁለት ቀኑ ከአዲስ ቅዳም እየመጡ አብረዋቸው ይበሉ ነበር። በመጨረሻ ሲመዘኑ 51 ኪሎ ነበሩ። ሕክምና ሲደረግላቸው ቆይተው ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። የወሰዳቸው ልባቸው ነው፤ ረሃብ አይደለም። ልጆቻቸው ይህ ዓረፍተ ነገር ጎላ ተደርጎ እንዲነበብ ጠይቀዋል።

ወይዘሮ ማናለብሽ የሦስት ልጆች እናት፣ የስምንት ልጆች አያትና የሁለት ልጆች ቅድመ አያት ነበሩ። ወንድማቸው አቶ መሳፍንትና በሐዘንተኛ ወንበር ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ስሜነሽም አሉ፤ ቤተሰብ አይደሉም የሚል ካለ ለራሳቸው ይንገራቸው።

ልዑል እግዚአብሔር ለነፍሳቸው የዕረፍት ስፍራ ያዘጋጅላቸው። እኛንም የታመመ ሰው ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ሳህኑንም የምናይበት ዓይን ይስጠን። አሜን።